የሻሼ ጥጃ

ወንድሜ ከማሉ አረፋ በመጣ ቁጥር ቤት ሙሉ ሰው ሰብስቦ ማመስገን ይወዳል። መጀመሪያ አላህን፣ ከዚያ የሞተውን አባታችንን፣ ከዚያ የሞተችውን አክስታችንን አሚኔን፣ መጨረሻ ላይ እኔን። «ዘይባ ባትኖር ዛሬ እኔ የለሁም» ይልና ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ቡታጅራ ላይ የእህል መጋዘን ያለው፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባ የስድሳ ዓመት ሰው እንግዳ ፊት ሲነፋረቅ ማየት ያሳፍረኛል። ዘንድሮ አላስጨረስኩትም።

«ዝም በል፤ አንተን ያሳደገችህ ላም ናት» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ። «የእህቴ ምላስ መቼም አያረጅ!» አለና ወደ ክትፎው ተመለሰ።

አልቀለድኩም ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያየሁትን ግን አልረሳም። ችግሩ ያየሁት ሁሉ ያኔ የመሰለኝ አልነበረም። ይህንንም ለማወቅ ሃምሳ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እናታችን የሞተችው ከማሉን በወለደች በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከቡታጅራ ገበያ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ፣ ዙሪያውን እንሰት የከበበው ክብ የሣር ቤት ነው። በአንዱ ጎን ሰው ይተኛል፣ በሌላው ጎን ከብት። ከብት ስል ብዙ እንዳይመስላችሁ። አንዲት ላምና ጥጃዋ ብቻ። ላሚቱ መላ ሰውነቷ ቀይ ሆኖ ግንባሯ ላይ ብቻ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስል ነጭ ነበረባት። ሻሼ እንላት ነበር።

ሻሼ የእኛ አልነበረችም። የወይዘሮ ወርቅውሃ ናት። ወይዘሮ ወርቅውሃ ባሏ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ፣ ቡታጅራ ከተማ ሱቅ ያላት፣ ስትራመድ መሬቱ የሚሰማት ሴት ነበረች። በከተማ ላም የሚያቆምበት ግጦሽ የሌለው ሰው ላሙን ለገጠር ሰው ይሰጣል። ወተቱና እበቱ የጠባቂው ነው፤ ጥጃው የባለቤቱ። ወተቱን ትጠጣለህ፣ በእበቱ እንሰትህን ታወፍራለህ፣ ጥጃውን አሳድገህ ታስረክባለህ። ጥጃው ከሞተ ደግሞ ቆዳውን ለባለቤቱ ታሳያለህ። ቆዳ ያላሳየ ሰው ሌባ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ይቆማል፣ ላሟም ከደጁ ትነዳለች።

ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው አባቴ «የሰው ጥጃ ነው፤ ስም አታውጪለት» ብሎ እንደከለከለኝ ብቻ ነው።

ለከማሉ ጡት የሚሰጠው ሰው አልተገኘም። በሰፈሩ አንዲት አራስ ነበረች፤ እሷም መንታ ወልዳ ለራሷ ልጆች አልበቃ ብሏት ነበር። አሚኔ፣ የአባቴ እህት፣ ባሏን ትታ እኛ ቤት ገባች። የሻሼን ወተት በውሃ ታቀጥናለች፣ ለብ ታደርጋለች፣ ንጹሕ ጨርቅ ነክራ ከማሉ አፍ ውስጥ ትጨምራለች። ከማሉ ጨርቁን ሲመጥ እንደ ድመት ግልገል ይጮሃል። እግሮቹ የእኔን አውራ ጣት ያክላሉ።

የእኔ ሥራ ጥጃ መያዝ ነበር። ላም ጥጃዋ ካልጠባት ወተቷን አታወርድም። ጥዋት ጥጃውን እለቀዋለሁ፣ ጥቂት ይጠባል፣ ወተቱ ሲወርድ አባቴ «ያዢው!» ይለኛል፣ አንገቱን አቅፌ እጎትተዋለሁ፣ ከእናቱ የፊት እግር ሥር አስረዋለሁ። እሷ እሱን እየላሰች አባቴ ያልባታል። የጥጃው አንገት ይሞቃል፤ የወተትና የሣር ሽታ አለው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያቀፍኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

በጋው ከረረ። ሣሩ አለቀ። ለሻሼ የእንሰት ቅጠል እየቆረጥን እንሰጣታለን፤ ታኝካለች፣ ወተቷ ግን ከማለቢያው ጮጮ ሥር አንድ ጣት እንኳ አልሞላ አለ። እኔ ሞኟ ደግሞ ለጥጃው አዝናለሁ። አባቴ «ያዢው!» ሲለኝ እንዳልሰማሁ ሆኜ እዘገያለሁ። ሁለት ጉንጭ፣ ሦስት ጉንጭ ይጨምር ብዬ። ይህን አልክድም። ከወንድሜ አፍ እየቀማሁ እንደነበር ግን አልገባኝም።

አንድ ቀን እበት በቅርጫት ተሸክሜ ወደ እንሰቱ ስሄድ፣ ከቅጠሉ ማዶ አባቴና አሚኔ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ለሁለት አይበቃም፣ ነስሩ። አንዱን ምረጥ» አለች አሚኔ።

«አደራ ነው፣ አሚኔ።»

«እሱም አደራ ነው። እናቱ እጄን ይዛ ነው የሞተችው። ስንት ቀን የሚቆይ ይመስልሃል?»

«ቢታወቅስ?»

«ማን ይናገራል? እኔ አልናገር። አንተ አትናገር።»

አባቴ «እንግዲህ ለገበያ ቀን። ልጅቷን ወደ አንድ ቦታ ላኪልኝ» አለ።

ቅርጫቴ ከእጄ ወደቀ። ለሁለት አይበቃም ማለት ለእኔና ለከማሉ ነው። አንዱን ምረጥ አሉ፤ ከማሉን መረጡ። እኔን ለገበያ ቀን ለሰው ሊሰጡኝ ነው። ያኔ የድሃ ልጅ ለከተማ ሰው ቤት መስጠት የተለመደ ነበርና ከየት አመጣሁት አትበሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆጮ ሲቀርብልኝ ግማሹን እተዋለሁ፣ ሳልታዘዝ ውሃ እቀዳለሁ፣ እበቱን ሳይነጋ እጠርጋለሁ። ብዙ የማልበላ፣ ብዙ የምሠራ ልጅ ከሆንኩ ይተዉኛል ብዬ ነው።

የገበያ ቀን ደረሰ። ጥዋት ጥጃውን ስይዝ፣ መጨረሻዬ ነው ብዬ እስኪጠግብ አጠባሁት። አባቴ «ያዢው» አላለኝም። ወደ ሌላ ቦታ እያየ ነበር። ከዚያ አሚኔ አንድ እስር ቃጫ አሸከመችኝ። «ይህን ከተማ ገመድ የምትፈትለዋ ዘንድ አድርሺ» አለችኝ። ሸማዬን አስተካከለችልኝ፤ እንዲህ አድርጋልኝ አታውቅም። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ገመድ ፈታይዋ ሴትዮ ቃጫውን ተቀበለችኝ፣ አንድ ጉርሻ ሰጠችኝና «ሂጂ እንግዲህ፣ ምን ያቆምሻል?» አለችኝ።

«ወዴት?» አልኳት።

«ወደ ቤትሽ ነዋ! ምን የደነዘዘች ልጅ ናት!»

ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። አልሰጡኝም! እየሮጥኩ እስቃለሁ። ደጃችን ስደርስ አሚኔ መሬት ላይ የተዘረጋ ቆዳ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። ቆዳው ቀይ ነው። ትንሽ ነው። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን እጁን ይታጠባል።

«ጥጃው ሞተ» አለችኝ።

«ጥዋት በጣም ስላጠባሁት ነው?» አልኳት።

አሚኔ ወደ አባቴ አየች። አባቴ እጁን መታጠቡን አላቆመም። ውሃው ከመታጠቢያው ጀበና አልቆ እንኳን ያሻሽ ነበር።

«አዎ፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ሆዱ ተነፋ» አለች።

እንግዲህ ውሸቱን ያቀበልኳት እኔው ነኝ። እሷ ሌላ ነገር ልትል አስባ ይሆናል፤ የተሻለውን ሰጠኋት። አባቴም ሰምቶ ዝም አለ።

ሥጋውን ለጅብ ጥለነዋል አሉኝ። በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን መረቅ ጠጣን። አሚኔ «ከጎረቤት የመጣ ሰደቃ ነው» ብላ በሩን ዘግታ አበላችን። ጥሩ መረቅ ነበር፤ ጣቴን ላስኩ። አሁን ዕድሜዬ ይህን አክሎ ሳስበው፣ በዚያ ከባድ በጋ ለሦስት ቀን የሚበቃ ሥጋ የሚመጸውት ጎረቤት አልነበረንም። በራሱ ጊዜ የሞተ እንስሳ ደግሞ በክት ነው፤ እስላም ቤት በክት አይበላም። አባቴ በረሃብ ቢያልቅ አይበላውም። እንግዲያው የበላነው ምን ነበር? ይህን ለመጠየቅ ግን ሰባት ዓመት አይበቃም።

አሚኔ ቆዳውን ገለባና ደረቅ የእንሰት ቅጠል ሞላችበት። እግሮቹ ላይ እንጨት ሰካች። በቃጫ ሰፋችው፤ ሆዱን፣ ከዚያ አንገቱን ዙሪያውን። የአንገቱ ስፌት ላይ ቀይ ጨርቅ አዞረችና የእናቴን ክታብ አሰረችበት። እኔ ሳየው ለሞተው ጥጃ ጌጥ ያደረገችለት መሰለኝ። እንዴት ያለች ደግ ሴት ናት አልኩ በልቤ።

ጥዋት ቆዳው ላይ ጨው ነሰነሰችና አስያዘችኝ። ሻሼ መጣች። አሸተተችው። አንድ ድምፅ አወጣች፤ ላም ስታገሳ የምትሰሙት አይደለም፤ ዝቅ ያለ፣ ሆድ ውስጥ የሚቀር። ከዚያ ላሰችው። ጀርባውን፣ ጆሮውን፣ የሌለ ዓይኑን። ወተቱ ወረደ። ጮጮው ግማሽ ድረስ ሞላ። አሚኔ ሁለት እጇን ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ!» አለች። እኔ ቀና ብዬ የሻሼን ዓይን ማየት አልቻልኩም። ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ደግሞ ቆዳውን ይዤ አታልልሻለሁ።

በሳምንቱ የከማሉ ጩኸት ተለወጠ። እንደ ሰው ልጅ መጮህ ጀመረ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ስለ ጥጃው ሰምታ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ጃንጥላ ይዛ፣ ሎሌዋ ከኋላ። አባቴ ተነስቶ ነጠላዋን ሊስም ሲል አንገቷን አዞረች።

«ነስሩ፣ ጥጃዬ የት አለ?»

«ሞተብን እትዬ። ከደረሰብኝ ሐዘን በላይ ሌላ ሐዘን ሆነብኝ።»

«ሞቷል የተባለ ጥጃ ብዙ ሰምቻለሁ። ቆዳውን አምጣልኝ።»

አሚኔ ገለባ የተሞላውን ጥጃ ከሻሼ ጎን አመጣች። «እትዬ ወርቅውሃ፣ ከፈታነው ላሟ ወተት ትከለክላለች። እንዲሁ እንዳለ ይዩት፤ አፈር ስሆን።»

«አንቺ አፈር ብትሆኚ እኔን ምን ይጠቅመኛል? ይፈታ። አንገቱን ልየው» አለችና እጇን ወደ ክታቡ ዘረጋች።

አባቴን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። በእኔ ተቆጥቶ መሰለኝ። ጥጃው ለምን እንደሞተ ሊነግራት ነው፤ የእኔን ጥፋት በሰው ፊት ሊያወጣው ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው ከሚናገርብኝ ራሴ ልናገር ብዬ ሮጥኩና የጥጃውን አንገት እንደ ድሮው አቀፍኩት። ፊቴን ክታቡ ላይ ደፋሁ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት! እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «እስኪጠግብ አጠባሁት፣ ሆዱ ተነፍቶ ሞተ! አባ አልሠራም! አሚኔ አልሠራችም! እኔ ነኝ!»

ልቅሶዬ እውነት ነበር። እውነት ስለነበረም ወይዘሮ ወርቅውሃ እጇን መለሰች። ልጅ እንዲህ አድርጎ አይዋሽም። አዋቂዎቹም ያተረፉት እዚያ ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ የማይዋሽ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ይቺ ናት?» አለች ሴትዮዋ።

ያን ጊዜ አባቴ መጥቶ በጥፊ መታኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለመጨረሻም። ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ። አንገቱን ግን አልለቀቅኩም።

«ተው ተው፣ ልጅ ናት!» አለች ወይዘሮ ወርቅውሃ። ቁጣዋ ወደ እሱ ዞረ። «እናት የሌላትን ልጅ እንዲህ ትመታለህ? ጨካኝ! ይሁን፣ የሞተ ሞቷል። ላሟ እስክትነጥፍ ትቆይ፤ ስትነጥፍ እወስዳታለሁ። ለአንተ ግን ሁለተኛ ጥጃ አላምንህም።» ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች።

ከማሉ ዳነ። ቅጣቴን ስላገኘሁ እኔም ትንሽ ቀለለኝ።

አሚኔ እውነቱን የነገረችኝ ወልቂጤ ልጇ ዘንድ ልትሞት ተኝታ ሳለች ነው። እኔም አርጅቻለሁ፤ ሄጄ እግሯን እያሸሁላት ነበር። እንዲሁ ስታወራ ስታወራ «ያንን ጥጃ ነስሩ ነው ያረደው» አለችኝ።

እጄ እግሯ ላይ ቆመ።

«አንገቱን ያን ቀን ባታቅፊው አልቆልን ነበር» አለች። «ሴትዮዋ የቢላውን ሥፍራ ታየው ነበር። ላሟን ትነዳ ነበር። ከማሉ አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።»

«አፍኖ አይገድለውም ነበር? ቆዳው ደህና ይሆን ነበር፤ አንገቱን መስፋትም ማሰርም አያስፈልግም ነበር» አልኳት። እንዲህ ነኝ፤ ሰው ሲሞት እንኳ የምጠይቀውን እጠይቃለሁ።

«ቢስሚላህ ሳይል እንዴት ነፍስ ያጥፋ? ነስሩን አታውቂውም?»

«መዋሸቱስ?»

አሚኔ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። «ለውሸት ማን ቢላ ይስላል» አለች።

«ሃምሳ ዓመት፣ አሚኔ። ሃምሳ ዓመት እኔ ገደልኩት ብዬ ኖሬያለሁ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ጠንካራ ነሽ፤ ትችይዋለሽ ብለን ነው» አለችኝ። ሁሌም እንዲህ ነው። ጠንካራ ነሽ የሚሉሽ ሊጭኑብሽ ሲያስቡ ነው።

ጥጃውን አልጠየቁትም፣ ሻሼንም አልጠየቋትም፣ እኔንም አልጠየቁኝም። ሦስታችን ነን ያንን መጋዘን ያቆምነው። ከማሉ ሲያመሰግን ከሦስታችን የሚጠራው ግን የእኔን ስም ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ትንሹን የከፈልኩት እኔ ሆኜ ሳለ።

ላም ሞኝ ናት የሚሉ አሉ። ሻሼ ያንን ቆዳ ፀጉሩ እስኪያልቅ፣ ገለባው በስፌቱ እስኪወጣ ድረስ ዓመት ከምናምን ላሰችው። የልጇን ቆዳ ከልጇ የማትለይ እናት አለች ብዬ አላምንም። ገለባ እንደሚሸት ታውቅ ነበር። ልጇ ዝም እንዳለ ታውቅ ነበር። ወተቱን ግን ታወርድልን ነበር። ከማሉ መዳህ ሲጀምር እግሮቿ መሐል እየገባ ይቀመጣል፤ ሌላውን ሰው የምትራገጠው ላም ለእሱ እግሯን እንኳ አታነሳም። ከቆዳው ላይ ጨውዋን ልሳ ስትጨርስ ወደ እሱ ዞራ ራሱን ትልሰዋለች። ፀጉሩ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ይደርቃል። እኔ ሩቅ ቆሜ አያለሁ። እኔን ልሳኝ አታውቅም። ስለምታውቅ ነው እል ነበር።

የወይዘሮ ወርቅውሃ ሎሌ ገመድ ይዞ የመጣው ከማሉ መሮጥ በጀመረበት፣ ሻሼ ፈጽማ በነጠፈችበት በክረምቱ መግቢያ ነው።

«ለዕርድ ነው?» አለችው አሚኔ።

«እኔ ምን አውቄ እናቴ? አምጣ ተባልኩ፣ መጣሁ። የነጠፈች ላም ለምን ትፈለጋለች?»

ከማሉ የሻሼን የኋላ እግር አቅፎ አልለቅም አለ። ሎሌው «ኧረ ይህን ልጅ አንሱት፣ ትረግጠዋለች!» ብሎ ጮኸ።

«እሷ? እሱን?» አለች አሚኔ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስራ ልጁን ከላሚቱ እግር አላቀቀችው።

አባቴ ገመዱን ከሎሌው ተቀበለና እስከ ሰፊው የሰፈር መንገድ ድረስ ራሱ ወሰዳት። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። መንገዱ ዳር ሲደርስ ቆመ። ግንባሩን ነጯ ላይ አስደገፈ፤ ቀንዶቿን በሁለት እጁ ያዘ።

«አፉ በይኝ፣ ሻሼ» አላት። «አፉ በይኝ። አፉ በይኝ።»

ድምፁ ሲሰበር ሰማሁ። አባቴ እናቴ ስትቀበር እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ደስታ ወረረኝ። ስለ እኔ የሚለምናት መሰለኝ። ልጄ አጥፍታለች፣ ልጅ ናት፣ አፉ በያት፣ ይቅር በያት እያላት መሰለኝ።

ስለ እኔ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖረ፣ ዳረኝ፣ ልጆቼን አቀፈ። ለላም ሦስት ጊዜ ያላትን ቃል ለእኔ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለኝ ሞተ።

ያን ቀን ግን ይህን የት አውቄ። ሎሌው ገመዱን ተቀብሎ ሻሼን እየነዳ ሲርቅ፣ ወደ አባቴ ሮጥኩ። ስለለመነልኝ ላመሰግነው ፈልጌ ቀኝ እጁን ያዝኩና ሳምኩት። መዳፉንም ጀርባውንም ሳምኩት።

እሳት እንደነካው ሰው እጁን መነጨቀኝ። ጋቢው ውስጥ ደበቀው። ፊቴን አላየም።

«ወደ ቤት ሂጂ» አለኝ።

ገና እንዳልታረቀኝ ገባኝ። ወደ ቤት ተመለስኩና ሻሼ ያደረችበትን እበት በቅርጫት እያደረግኩ ወደ እንሰቱ ማመላለስ ጀመርኩ።